ስለ ኤሊ ምግብና ስለ ቅርፊቷ ጥንካሬ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በር በደረሰ ጊዜ ከደጋው ጫፍ ቆሞ ቆላውን ከእግሩ በታች ያየዋል። የበሩ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ገብስና ባቄላ ይዘራል፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ሰውንና ከብትን ይሸፍናል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊትም ውርጭ ይወርዳል። መንገደኛው በጣልያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ቢወርድ ግን፥ ከፍታዋ 1300 ሜትር ገደማ ወደ ሆነችው ወደ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፤ በዚያም ማሽላና ማሾ፥ ሽንኩርትና ማንጎ የሚያበቅል ሙቅ አገር ያገኛል። ስለዚህ በጣርማ በር መንገድ የሁለት አገር አየር በጥቂት ሰዓት ጉዞ ይገናኛል።

በዚህ መንገድ ከቆላ ወደ ደጋ ብዙ ነገር ይወጣል። እንበልና ከሚወጣው ነገር መካከል አንዲት ኤሊ ትኑርበት። አንድ ልጅ በቆላው እርሻ ዳር አግኝቷት፥ ወይም አንድ ሾፌር ከመንገድ መካከል አንሥቷት ለዘመዶቹ ልጆች ያመጣታል። ኤሊ አትናከስም፥ አትጮኽም፥ ሮጣም አታመልጥም፤ ስለዚህ በግቢ ወይም በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ትቀመጣለች። ልጆችም በፍቅር ከበው ያላቸውን ሁሉ፥ እንጀራውን፥ ዳቦውን፥ ንፍሮውን ያቀርቡላታል፤ እርስዋም ትበላለች። ነገር ግን ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ቅርፊቷ በጣት ሲጫኑት እንደ እርጥብ ቆዳ ይረግባል፤ የኋላ እግሮቿ ሰውነቷን ማንሣት ያቅታቸዋል፤ በመጨረሻም መብላት ትተዋለች። ያን ጊዜ ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ታላላቆቹም «ዕድሜዋ ደረሰ» ይላሉ። ዕድሜዋ ግን አልደረሰም፤ ኤሊ በደኅና ብትያዝ ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለችና። የገደላት በፍቅር የተሰጣት ምግብና የቀረባት ፀሓይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሎች የቀረበ ነው። ዐሳቡም በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የኤሊ ቅርፊት ሕያው ዐጥንት ነው፤ ይህም ዐጥንት የሚጠነክረው ካልሲየም፥ ልዩ ልዩ ሣርና ቅጠል፥ የፀሓይም ሙቀት ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ሁለቱ ብቻቸውን አያድኗትም።

1ኛ፤ ቅርፊቷ ምን እንደ ሆነ

ብዙ ሰው የኤሊ ቅርፊት ከላይ የተጫነባት፥ ብትፈልግም ወጥታ የምትተወው ቤት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቅርፊቷ የተሠራው ከ50 ያህል ዐጥንቶች ነው፤ የጀርባዋ አከርካሪና የጎድን ዐጥንቶቿ ሰፍተውና ተያይዘው የላይኛው ጣራ ሆነዋል፤ የሆዷም ወገን እንዲሁ በዐጥንት ተዘግቷል። ከዐጥንቱ በላይ እንደ ቀንድና እንደ ጥፍር ያለ ስስ ልብስ አለ። በዐጥንቱ ውስጥ ደም ይመላለሳል፤ ሲነኳትም ይሰማታል። ስለዚህ ልጆች ገመድ ለማሰር የቅርፊቷን ጠርዝ በምስማር ቢበሱ የሚበሱት ሕያው ዐጥንቷን ነው፤ ይህንም አጥብቆ መከልከል ይገባል።

በአገራችን ከሚገኙት የየብስ ኤሊዎች እጅግ የታወቀችው፥ ቢጫ ቅርፊቷ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ናት፤ ስለዚህም ነጠብጣብ የእንስሳት ሊቃውንት በነብር ስም ይጠሯታል። ስትፈለፈል በሕፃን መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ስታድግ ግን 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ልትመዝን ትችላለች። ከዚያች ትንሽ ፍጥረት ተነሥቶ ይህን የሚያህል የዐጥንት ጋሻ የሚሠራው ካልሲየም ሁሉ የሚገባው በአፏ ብቻ ነው። ሴቲቱም በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 30 ዕንቁላል ትጥላለች፤ የዕንቁላሏ ቅርፊት ጠንካራ ስለ ሆነ፥ ካልሲየሙን ከምግቧ ካላገኘች ከገዛ ዐጥንቷ ታወጣለች።

ይህ ነገር ለባላገር እንግዳ አይደለም። ዶሮ በቤት ተዘግታ እህል ብቻ ስትበላ ከከረመች ቅርፊት የሌለው ልፍስፍስ ዕንቁላል የምትጥልበት ጊዜ አለ። የዶሮዋ ጕድለትና የኤሊዋ ጕድለት አንድ ነው።

2ኛ፤ ካልሲየም ምን እንደ ሆነ፥ በክፍል ውስጥም እንዴት እንደሚታይ

ካልሲየም በኖራ ድንጋይ፥ በዕንቁላል ቅርፊት፥ በዐጥንት፥ በጥርስና በወተት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ዐጥንትን የሚያጠነክረው ፎስፎረስ ከሚባለው ከሌላ ንጥረ ነገር ጋራ ተዋሕዶ ነው። ተማሪዎች ይህን በቃል ብቻ ከሚሰሙት በዐይናቸው ቢያዩት ይሻላል፤ ለዚህም ብዙ ዕቃ አያስፈልግም።

መምህሩ ሁለት ብርጭቆ ያዘጋጅ፤ በሁለቱም ኮምጣጤ ይጨምር። በአንደኛው የዕንቁላል ቅርፊት ስባሪ፥ በሁለተኛው ሥጋው በደንብ የተነቀለ የዶሮ እግር ዐጥንት ያግባ። ቅርፊቱ ወዲያው ትንንሽ አረፋ ማውጣት ይጀምራል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀንም ጠንካራው ነገር ሟሙቶ ስስ ልባሱ ብቻ ይቀራል። ዐጥንቱ ግን ይዘገያል፤ ኮምጣጤው አንድ ጊዜ ተለውጦለት አንድ ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ቢያወጡት እንደ ጠፍር ይታጠፋል። መልኩ ያው ዐጥንት ነው፤ ጥንካሬው ግን ከካልሲየሙ ጋራ ሄዷል። መምህሩም የታጠፈውን ዐጥንት ለተማሪዎቹ እያሳየ «በደንብ ያልተመገበች ኤሊ ቅርፊቷ እንዲህ ይሆናል» ቢላቸው ሁሉም ያስተውሉታል።

ሦስተኛም ፈተና አለ። ከጣርማ በር ገደል የተነሣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ኮምጣጤ ቢያንጠባጥቡበት ብዙ ጊዜ አረፋ አያወጣም። ይህ ድንጋይ በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ቀልጦ ከወጣ እሳተ ገሞራ የረጋ ነው፤ የምድርን ድንጋይ የሚመረምሩ ሊቃውንትም ይህን የመሰለውን ድንጋይ በዚሁ በጣርማ በር ስም ይጠሩታል። ከጀማ ወይም ከዓባይ ሸለቆ በመጣ የኖራ ድንጋይ ላይ ቢያንጠባጥቡ ግን አረፋው ይፈላል። የኖራ ድንጋይ አገሩ ባሕር በነበረበት ዘመን ከባሕር ፍጥረታት ቅርፊትና ከኖራ ዝቃጭ የተከማቸ ነውና። እንግዲህ ካልሲየም ከቅርፊት ወደ ድንጋይ፥ ከድንጋይ ወደ አፈር፥ ከአፈር ወደ ሣር፥ ከሣርም ዳግመኛ ወደ ቅርፊት ሲዞር ይኖራል ማለት ነው።

3ኛ፤ በዱር ሳለች ከየት እንደምታገኘው

ኤሊ በዱር ሳለች ማንም ዱቄት አይነሰንስላትም፤ ሆኖም ቅርፊቷ ጠንካራ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። መጀመሪያ፥ ቀኑን ሙሉ እየዞረች ከሣሩም ከቅጠሉም ከአበባውም ጥቂት ጥቂት ትቀነጥባለች፤ ከአንድ ዐይነት ተክል ያልተገኘው ከሌላው ይገኛል። ሁለተኛ፥ ካልሲየም ሲጐድላት ራስዋ ትፈልገዋለች። በአፍሪካ አገሮች ኤሊን የተከታተሉ ሊቃውንት ከፀሓይ የነጣ አሮጌ ዐጥንት ስትግጥ፥ የጅብ ኵስም ስትበላ አይተዋታል። ይህ አስነዋሪ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ጅብ ዐጥንት ሰባብሮ ስለሚበላ ኵሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው በውስጡ ባለው የዐጥንት ካልሲየም ነው። ኤሊዋም ጅቡ የፈጨላትን ዐጥንት ትበላለች ማለት ነው።

በግቢ የተዘጋች ኤሊ ይህን ሁሉ አጥታለች። የምትበላው ሰው የሰጣትን ብቻ ነው። ስለዚህ በዱር ትፈልገው የነበረውን የሚያቀርብላት ያሳዳሪዋ እጅ መሆን አለበት።

4ኛ፤ የሚገባትና የማይገባት ምግብ

በኤሊ ምግብ ውስጥ ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ መብለጥ አለበት፤ ለአንድ እጅ ፎስፎረስ ሁለት እጅ ያህል ካልሲየም ቢሆን መልካም ነው። እህል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በገብስ፥ በስንዴና በበቆሎ ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጤፍ ከእነዚህ ይልቅ በካልሲየም የበለጸገ ቢሆንም በእርሱም ውስጥ ፎስፎረሱ ይበልጣል። ፎስፎረስ ሲበዛ የገባውን ካልሲየም ይይዘዋል፤ ደሟም የጐደለውን ለመሙላት ከቅርፊቷ ይበደራል። ስለዚህ እንጀራ፥ ዳቦ፥ ቆሎ፥ ንፍሮና ፉርሽካ ሆዷን ይሞሉታል እንጂ ዐጥንቷን አይመግቡትም። ሥጋና የበሰለ ዕንቁላልም ለዚህች የየብስ ኤሊ አይገቧትም፤ እርስዋ ሣር በል ናትና።

የሚገባት ምግብ እንደሚከተለው ነው።

ዋናው ምግቧ ሣር ነው። ሰርዶና ሌላም ለስላሳ የግጦሽ ሣር፥ በበጋም ንጹሕ ድርቆሽ፥ ከምግቧ ከግማሽ የሚበልጠውን ይያዝ። ከዚህ ቀጥሎ ማገጥን የመሰለ ቅጠላም ግጦሽ፥ ልት፥ የዱባ ቅጠል፥ የስኳር ድንች ቅጠል፥ የጽጌረዳ አበባ እየተለዋወጠ ይሰጣት። የአበሻ ጎመን በካልሲየም የበለጸገ ስለ ሆነ መልካም ነው፤ ሆኖም ጎመን ብቻ በየቀኑ መስጠት አይገባም። ቆስጣ ግን ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ነገር በውስጡ ስላለ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይሰጥ። ማንጎ፥ ቲማቲምና ሌላ ፍሬ ትወዳለች፤ ነገር ግን ጣፋጭ ነገር ሲበዛ ሆዷን ስለሚያውከው በብዙ ቀን አንድ ጊዜ፥ በጥቂቱ ይበቃል።

የበለስ ቅጠል፥ ይኸውም የባሕር ቁልቋል የሚባለው፥ እሾሁ ከተላጠ በኋላ ካልሲየምና ውኃ የሞላበት ምግብ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአጥርና በገደል የሚበቅለው፥ ሲቈረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስሰው የአገራችን ቁልቋል ሌላ ተክል ነው፤ ወተቱ ዐይንን ያቃጥላል፥ ለእንስሳም መርዝ ነው። ስማቸው ቢቀራረብ አንዱን በሌላው ስፍራ አትስጡ።

ንጹሕ ውኃም እግሯን ብቻ በሚያርስ ዝቅተኛ ሳሕን ዘወትር ይቅረብላት። ኤሊ ጥቂት ትጠጣለች ተብሎ ውኃ መከልከል በፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ያመጣባታል።

በኩሬና በወንዝ የምትኖረው ኤሊ ደግሞ ሌላ ናት። እርስዋ ትልና እንቍራሪት፥ ዓሣም ትበላለች። ለእርስዋ የሚሰጣት ሥጋ ዐጥንት ከሌለበት እንደ እህሉ ፎስፎረስ የበዛበት፥ ካልሲየም ያነሰበት ይሆናል፤ ስለዚህ ትንንሽ ዓሣ ከነዐጥንቱ መስጠት ይሻላል።

5ኛ፤ የዕንቁላል ቅርፊት ዱቄት እንዴት እንደሚዘጋጅ

በከተማ ለእንስሳት የሚሆን የካልሲየም ዱቄት ይሸጣል። በገጠር ግን ከወጥ ቤት የሚጣለው የዕንቁላል ቅርፊት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዕንቁላል ቅርፊት ከመቶው 95 እጅ ያህሉ የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ነገር ጋራ አንድ ነው፤ በአንድ ዕንቁላል ቅርፊትም ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል። ይህ በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ካለው ይበልጣል። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ 12 ዕንቁላል የቀቀለች እመቤት 24 ግራም ያህል ካልሲየም ከገበታው ጋራ አዘጋጅታ ቅርፊቱን ወደ ዐመድ ማፍሰሻ ትጥለዋለች ማለት ነው። በጾም ወራት ዕንቁላል በብዙ ቤት ስለማይሰበር ቅርፊቱን አስቀድሞ ሰብስቦ ማኖር ብልኅነት ነው።

አሠራሩም ይህ ነው። ቅርፊቱን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፤ በፈላ ውኃ 10 ደቂቃ ያህል መቀቀል፤ በፀሓይ ወይም በምጣድ ጫፍ አድርቆ በሙቀጫ እንደ በርበሬ ደቆሱ አድርጎ ማድቀቅ፤ ከዚያም በደረቅ ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ። ለደረሰች ኤሊ በሁለት ጣት የሚቈነጠር ያህል በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በእርጥብ ቅጠሏ ላይ ይነስነስ። ለጫጩቷና ዕንቁላል ለምትጥለው ከዚህ አዘውትሮ ይሰጥ፤ ለጫጩት ግን ቍንጣሪው ትንሽ ይሁን። ከዚህም ሌላ ዱቄት ያልሆነ የተቀቀለ ቅርፊት ስባሪ በጥግ ቢቀመጥላት፥ ስትፈልገው ራስዋ ሄዳ ትግጠዋለች።

ሁለት ነገር ግን አጥብቃችሁ ልብ በሉ። ለግድግዳ ቀለም የሚሆነው የተቃጠለ ኖራ ምግብ አይደለም፤ አፍንና ሆድን ያቃጥላል። የኖራ ድንጋይና የተቃጠለ ኖራ በስም ቢዛመዱም በእሳት ካለፈ በኋላ ባሕርዩ ተለውጧል። ደግሞም ለዶሮና ለከብት የተቀመመ ልዩ ልዩ ቪታሚን ያለበት ዱቄት የእንስሳት ሐኪም ሳይጠየቅ ለኤሊ አይሰጥ፤ ቪታሚን ሲበዛ እርሱም በሽታ ያመጣልና።

6ኛ፤ ያለ ፀሓይ ካልሲየሙ ከንቱ እንደ ሆነ

በለንደን ከተማ የአራዊት ግቢ ውስጥ የአንበሳ ግልገሎች ዐጥንታቸው እየተልፈሰፈሰ ይሞቱ ነበር። ምግባቸው ዐጥንት የሌለበት የፈረስ ሥጋ ነበረ። በ1889 እ.ኤ.አ. ጆን ብላንድ ሰተን የተባለ ሐኪም የተፈጨ ዐጥንት፥ ወተትና የዓሣ ጕበት ዘይት እንዲሰጣቸው መከረ፤ በዚህም ምግብ ግልገሎቹ ዳኑ። ዐጥንቱ ካልሲየምን እንደ ሰጠ ግልጽ ነው፤ የዘይቱ ሥራ ግን ገና አልታወቀም ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1919 እ.ኤ.አ.፥ ኤድዋርድ ሜላንቢ በእንግሊዝ አገር በቡችሎች ላይ መርምሮ የዓሣ ጕበት ዘይት የዐጥንትን መልፈስፈስ እንደሚከለክል አሳየ፤ በዚያው ዓመት ኩርት ሁልድሺንስኪ በበርሊን ተመሳሳይ በሽታ የያዛቸውን ሕፃናት የፀሓይን ጨረር በሚመስል መብራት አዳነ። ዘይቱና ጨረሩ አንድ ሥራ መሥራታቸው መልሱን አመጣ። በዘይቱ ውስጥ ያለው ነገር ቪታሚን ዲ ተባለ፤ የፀሓይም ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ይህንኑ ቪታሚን ራሱ ይሠራል። ቪታሚን ዲ ከሌለ በአንጀት ውስጥ ያለው ካልሲየም ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል።

ኤሊም እንዲሁ ናት። ዱቄቱን ብትበላ በጨለማ ቤት ከተዘጋች ዱቄቱ ገብቶ ይወጣል። በመስኮት መስተዋት በኩል የገባ ብርሃንም አይበቃም፤ መስተዋቱ ብርሃኑን ቢያሳልፍ ለዚህ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል።

7ኛ፤ በጣርማ በር ላይ ስላለው ችግር

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ከፍ ያለ ስፍራ ላይ ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ የፀሓይ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ ስለዚህ አንድ አስተዋይ ሰው «እንግዲያስ ጣርማ በር ለኤሊ መልካም አይደለምን?» ሊል ይችላል። መልሱ አይደለም ነው። ኤሊ እንደ ከብት በሰውነቷ ውስጥ ሙቀት አትሠራም፤ ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው። አካሏ በቀን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ካልሞቀ ምግቡ በሆዷ ሳይፈጭ ይቆያል፤ ሳንባዋም በብርድ ይታመማል። በዝናብና በጉም ወራት በጣርማ በር ጨረሩም ሙቀቱም ይጠፋል፤ በበጋ ቀን ፀሓይ ቢኖርም ሌሊቱ ውርጭ ነው። የቆላ ኤሊ እንደ አንዳንድ የውጭ አገር ኤሊዎች ክረምትን ተኝታ የምታሳልፍ አይደለችም። ስለዚህ ካልሲየሙን በቍንጣሪ፥ ቅጠሉን በእቅፍ ማቅረብ ቢቻልም፥ ሦስተኛውን ነገር፥ የቆላውን ፀሓይ፥ ማንም በእጁ ሊያቀርብላት አይችልም።

ሕጉም ከዚህ ጋራ ይስማማል። በአዋጅ ቍጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደንም ሆነ መያዝ የተከለከለ ነው። ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድን በሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ገብታለች፤ የየብስ ኤሊ ወገን ሁሉ በዚህ ስምምነት መዝገብ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ኤሊን ከቆላ ወደ ደጋ አለማምጣት ነው። በመንገድ ላይ የተገኘች ብትሆን ወደምትሄድበት ወገን ከመንገዱ ዳር ማሳለፍ ይበቃል።

አስቀድማ ከመጣች ግን በዘፈቀደ ወደ ማንኛውም ጫካ አትጣሉአት፤ የታመመች ብትሆን ራስዋን ማዳን አትችልም፥ በሽታዋንም ለሌሎቹ ታካፍላለች። በወረዳው የዱር እንስሳትን ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስታውቁ። መልስ እስኪመጣ ድረስ በቀን ውሻ በማይደርስበት፥ ፀሓይና ጥላ ባለው አጥር ውስጥ ትዋል፤ ሌሊት ደረቅ ድርቆሽ በሞላበት፥ ከምድጃ ባልራቀ ነገር ግን ጪስ በማይገባው ስፍራ ትደር፤ ከላይ የተጻፈው ምግብም ይሰጣት።

የሕመም ምልክቶቿም እነዚህ ናቸው፤ የቅርፊት መልፈስፈስ፥ የእግር መጐተት፥ የመንጋጋ ማበጥ ወይም መጣመም፥ የአፍንጫ ፈሳሽ፥ ምግብ መተው። ያደገች ኤሊ ቅርፊት እንደ ድንጋይ የጠነከረ መሆን አለበት፤ የጫጩት ግን በመጀመሪያው ወራት ጥቂት ቢረግብ በሽታ አይደለም። ከእነዚህ አንዱ ቢታይ ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ይገባል፤ የተጣመመ ቅርፊት እንደ ቀድሞው አይቃናም፥ የተጀመረው መልፈስፈስ ግን በጊዜ ቢደረስበት ሊቆም ይችላል።

ስለ ተማሪዎችም ጤና አንድ ነገር እንጨምር። ኤሊ ጤነኛ ሆና ሳለች ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥና የትኵሳት ተሕዋስ በሆዷ ልትሸከም ትችላለች። በአሜሪካ ከትንንሽ ኤሊዎች የተነሣ ብዙ ሕፃናት ስለ ታመሙ፥ በ1975 እ.ኤ.አ. ቅርፊታቸው ከ10 ሳንቲሜትር ያነሰ ኤሊዎችን ለቤት መሸጥ ተከለከለ። ስለዚህ ኤሊ የነካ ልጅ ሁሉ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይንካ፤ የኤሊዋም ሳሕን ከሰው ዕቃ ጋራ አይታጠብ።

8ኛ፤ ከዚህ ለልጆች የሚወጣ ትምህርት

አንዳንድ ሰው «ለሰው ልጅ ምግብ በሚጐድልበት አገር ስለ ኤሊ ቅርፊት መጻፍ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። መልሱ ቅርብ ነው። የኤሊዋ ዐጥንት የሚሠራበት መንገድና የሕፃኑ ዐጥንት የሚሠራበት መንገድ አንድ ነው። በደጋ አገር ሕፃን ብርድና ምች እንዳያገኘው ተብሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጨለማ ቤት ውስጥ ሲከርም፥ እግሩ የሚጣመምበት፥ መቀመጥና መቆም የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ይህ ሪኬትስ የሚባለው የዐጥንት መልፈስፈስ ነው። በአዲስ አበባ በሆስፒታል በሚታከሙ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕፃናት መካከል ሪኬትስ ያለባቸው ካልታመሙት ይልቅ እጅግ በዝተው መገኘታቸውን አስታውቋል። ስለዚህ እናቶች ሕፃኑን በጠዋት ፀሓይ የሚያሞቁት ልማድ ብቻ ሆኖ አይደለም፤ የዐጥንቱ መሠረት ነው።

እንግዲህ መምህሩ የታጠፈውን የዶሮ ዐጥንት በጠረጴዛ ላይ ባኖረ ጊዜ፥ ተማሪዎቹ አስቀድመው ስለ ኤሊዋ ይጠይቃሉ፤ መምህሩም ስለ ኤሊዋ ይመልስላቸው። ከዚያ በኋላ በቤታቸው ያለውን ታናሽ ወንድማቸውን ወይም ታናሽ እኅታቸውን ያስታውሳቸው። «ጎመን ይበላልን? ወተት ያገኛልን? ወደ ፀሓይ ይወጣልን?» ብሎ ይጠይቃቸው። ሽማግሎችም በዕድርና በሠንበቴ ጉባኤ ላይ ይህንኑ ቢያነሡት ነገሩ ከትምህርት ቤት አጥር ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ቤት ይደርሳል።

ፍቅር ብቻውን እንደማይመግብ የኤሊዋ ነገር ያስተምረናል። እንጀራውን የቈረሰላት ልጅ በእውነት ይወዳት ነበር፤ የጐደለው እውቀት ነው። ልጁን ስለ ፍቅሩ አንንቀፈው፤ ከፍቅሩ ጋራ እውቀቱን እንስጠው። ሲያድግ ኤሊዋን በቆላዋ ይተዋታል፤ ልጁንም ፀሓይ ያሞቀዋል።